የሚያጨበጭብ እጅና የሚፈርም እጅ

ኳስ ወዳጅ የሆነ ወጣት ሁሉ «የእኔ ክለብ» ይላል። «የእኔ» የሚለው ቃል ግን በአፍ ሲነገር ቀላል፤ በሕግ ፊት ሲመዘን ከባድ ነው። ቤቱ የእኔ ነው የሚል ሰው ሰነዱን ያሳያል፤ በሬው የእኔ ነው የሚል ሰው ጎረቤቱን ምስክር ይጠራል። ክለቡ የእኔ ነው የሚል ደጋፊ ግን ማሊያውንና የሻከረ ጉሮሮውን ካልሆነ በቀር ምን ያሳያል?

«የደጋፊ ፈንታው ማጨብጨብ ነው፤ ባለቤትነቱን ለመንግሥትና ለባለጸጋ ይተው» የሚሉ ሰዎች አሉ። ይህ ምክር ትሕትና ይምሰል እንጂ ስንፍናን የሚያስተምር ነው፤ እኔም አጥብቄ እቃወመዋለሁ።

በመጀመሪያ የመንግሥትን ነገር እንይ። በአገራችን ከታላላቆቹ ክለቦች ብዙዎቹ የሚኖሩት ከከተማ አስተዳደርና ከመንግሥት መሥሪያ ቤት በሚሰጣቸው በጀት ነው። ይህ ገንዘብ ኳስ የሚወደውም የማይወደውም ሰው ያዋጣው የሕዝብ ሀብት ነው። እስቲ ሰቆጣችንን ተመልከቱ። መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር ለማጥፋት በ2007 ዓ.ም. የገባው ቃል ኪዳን የተጠራው በዚህችው ከተማ ስም ነው። ከዚያም ወዲህ ዋግ ጦርነትንም ድርቅንም አይታለች። በእንዲህ ያለ አገር ከሕዝብ ሣጥን ለተጫዋች ደመወዝ የሚወጣ ብር ከጤና ጣቢያና ከትምህርት ቤት የተቀነሰ ብር ነው።

«ዳቦ ሳይኖር ኳስ ምን ያደርጋል?» የሚል ሰው የተቃወመኝ ይመስለዋል እንጂ የሚያግዘው እኔን ነው። እኔም የምለው ኳስ ይቅር ሳይሆን፥ ኳስን የሚወድ ሰው ወዶ ከኪሱ ይክፈል፤ የሕፃኑ ገንዘብ ለሕፃኑ ይሁን ነው።

ባለጸጋስ? የአራዳ ልጆች በ1928 ዓ.ም. የመሠረቱት ቅዱስ ጊዮርጊስ ለብዙ ዘመን የሼህ መሐመድ አል አሙዲን ድጋፍ አልተለየውም። እኒህ ሰው በ2010 ዓ.ም. በሳዑዲ ዓረቢያ ታስረው እስከ 2011 ዓ.ም. ቆዩ። ቸርነታቸውን አላሳንስም፤ ነገር ግን የሺዎች ደስታ በአንድ ሰው ጤናና ዕድል ላይ ቢንጠለጠል ያ ሰው በታመመ ወይም በታሰረ ቀን ሁሉም ይናወጣል። በሰው ወርቅ አይደምቁም።

ወንጌል ስለ እረኛና ስለ ምንደኛ የሚናገረውን ታውቃላችሁ። ምንደኛ ተኩላ ሲመጣ የሚሸሸው በጎቹ የእርሱ ስላልሆኑ ነው። ዛሬ የፕሪሚየር ሊጋችን አክሲዮን ማኅበር ሆኗል፤ ባለአክሲዮኖቹም ክለቦቹ ናቸው። ክለቦች የውድድሩ ባለቤት ለመሆን ከቻሉ ደጋፊዎች የክለባቸው ባለድርሻ ለመሆን የሚያንሱበት ምክንያት ምንድር ነው?

የውጭውን አገር ብናይ ባርሴሎና የአባሎቹ ሀብት ነው፤ ፕሬዚዳንቱንም የሚመርጡ እነርሱ ናቸው። በጀርመን አገርም፥ ከጥቂት ክለቦች በቀር፥ ከግማሽ የሚበልጠው ድምፅ በአባሎች እጅ መቆየት አለበት።

ነገር ግን ገንዘብ ማዋጣት ብቻውን አይበቃም። የምታጨበጭብለት የአርሴናል ደጋፊዎች፥ አንዱ አክሲዮን ለአንድ ሰው አቅም ቢከብድ፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2010 ጀምሮ እየተጋሩ ይገዙ ነበር። በ2018 ግን አንድ አሜሪካዊ ባለጸጋ ከመቶ ዘጠናውን እጅ አልፎ ስለያዘ፥ የእንግሊዝ ሕግ የቀሩትን አስገድዶ እንዲገዛ ፈቀደለት። የስዋንዚ ደጋፊዎችም ከመቶ 21 እጅ ያህል ይዘው ሳሉ፥ ሌሎቹ ባለድርሻዎች በ2016 አብላጫውን ለአሜሪካውያን ሸጡት፤ የደጋፊዎቹ ማኅበርም ከድርድሩ ውጭ መደረጉን በይፋ አማረረ። እንግዲህ ጠባቂ ውል የሌለው ትንሽ ድርሻ በር የሌለው ጎተራ ነው፤ እህሉ ቢገባም አይጠበቅም።

ስለዚህ የሚሰበሰበው ገንዘብ ምጽዋት እንዳይሆን ሦስት ነገር ይጻፍ። አንደኛ፥ ብዙ የከፈለውም ጥቂት የከፈለውም አንድ ድምፅ ይኑረው። ሁለተኛ፥ ድርሻው ያለ ጉባኤው ፈቃድ ለውጭ ሰው አይሸጥ። ሦስተኛ፥ ሒሳቡ በየጊዜው በአባሎች ፊት ይነበብ። ገንዘብ ሰብስቦ ሒሳብ የማያነብ የደጋፊ መሪ፥ ጩኸቱ ምንም ያህል ቢደምቅ፥ ከሌባ በምን ይለያል?

«ይህ የፈረንጅ ጥበብ ነው፤ እኛ አንችለውም» የሚል ቢኖር ወደ ዕድሩ ይመልከት። ፊደል ያልቆጠሩ አባቶችና እናቶች ዳኛ፥ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ መርጠው፥ የቀረውን ቀጥተው፥ ሟችን በክብር ይቀብራሉ። ለሞት ቀን ይህን ሥርዓት ያቆመ ሕዝብ ለልጆቹ ጨዋታ እንዴት ያቅተዋል? ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ለሩቅ አገር ቡድን ማሊያ ገንዘብ ካላነሰህ ለሠፈርህ ቡድን ኳስና መረብም አያንስህም። ከጓደኞችህ ጋር መዝገብ ግዛ፤ ስምህን ጻፍ፤ የከፈልኸውን አስመዝግብ፤ ከዚያም ሒሳቡን ጠይቅ። የሚያጨበጭብ እጅ ጨዋታው ሲያልቅ ባዶውን ይመለሳል፤ የፈረመ እጅ ግን በማግሥቱም የሚጠይቀው አለው።