የእንጦጦ ሸንተረር ጉዳይ የልደታም ጉዳይ ነው

በልደታ ቆሞ ወደ ሰሜን ለተመለከተ ሰው የእንጦጦ ሸንተረር የከተማዋ አጥር መስሎ ይታየዋል። ይሁንና እንጦጦ ከአጥርነቱ ይልቅ የውኃ ጣሪያነቱ ይበልጣል። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከዚህ ሸንተረር ጀርባ፣ በሱሉልታ በኩል የሚወርደው ውኃ በሙገር አድርጎ ዓባይን ይቀላቀላል። በደቡብ ገጹ የሚወርደው ደግሞ አዲስ አበባን አቋርጦ በአቃቂ ወንዞች ወደ አዋሽ ይጓዛል።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ የነዋሪው ቁጥር ሲጨምር የአካባቢው ጥድና ወይራ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ተመነጠረ። በ1880ዎቹ ዓ.ም. የገባው ባሕር ዛፍ ችግሩን አቃለለ፤ ባለውለታነቱ አይካድም። ነገር ግን ከሥሩ ሣርና ቁጥቋጦ እንደ ልብ አይበቅልም። ቅጠሉ ለማገዶ ሲጠረግም አፈሩ ይራቆታል። ክረምት ሲገባ ጎርፉ ገቺ ሳያገኝ ቁልቁል ይወርዳል። በልደታ በወንዝ ዳር የሚኖረው ወገን ሲሰጋ ያድራል፤ የተጠረገው አፈርም እስከ አባ ሳሙኤል ግድብ ይዘልቃል።

ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው ቁልቁለቱን የሚወርዱት እናቶችና ልጃገረዶች ደን አጥፊ እየተባሉ ሲወቀሱ ይሰማል። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ወቀሳው ፍትሕ ይጎድለዋል። የተሸከሙት የከተማውን ምድጃ እሳት ነው። ሌላ መተዳደሪያ ሳይኖራቸው መንገዱን መዝጋት ረሃባቸውን እንጂ ደኑን አይጠብቅም።

በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ለተራራው ትኩረት ማስገኘቱ መልካም ነው። ሆኖም ተራራው ከመዝናኛነት ያለፈ ሥራ ይጠብቀዋል። ባሕር ዛፉን በአንድ ጊዜ መመንጠር ጎርፉን ያብሳል፤ በየተራ እየቀነሱ በጥድ፣ በዝግባ፣ በወይራና በኮሶ መተካት ይሻላል። እርከንና ክትር ከራስጌ ተጀምሮ ወደ ግርጌ ይውረድ። በችግኝ ጣቢያውና በእርከኑ ሥራ ቅጠል ተሸካሚዎቹ በደመወዝ ይቀድሙ፤ ተዳፋቱን ከእነርሱ የበለጠ የሚያውቅ የለምና። የልደታ ነዋሪም ወንዙን የቆሻሻ መጣያ ከማድረግ ይታቀብ፤ ከታች በዚያው ውኃ አትክልት የሚያለማ ገበሬ አለ፤ አትክልቱም ተመልሶ ወደ ገበያችን ይመጣል።

የእርሻ ባለሙያ ጎርፍን ከምንጩ ያዝ ይላል፤ አባቶችም ሳይቃጠል በቅጠል ብለዋል። ራስጌው ሳይታከም ግርጌው በሰላም አያድርም።