ዐረፍተ ነገር በስም ወንበር ላይ ሲቀመጥ



በዚህ ወር የእንግሊዝኛ ትምህርታችን የምናነሳው ብዙ ተማሪዎችን የሚያደናግረውን፣ በመማሪያ መጻሕፍት «ናውን ክሎዝ» እየተባለ የሚጠራውን ክፍል ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ መደንገጉ ይታወቃል። ስለዚህ ናውን ክሎዝን ያልለየ ተማሪ የሚቸገረው በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ብቻ አይደለም፤ የባዮሎጂውንና የታሪኩን መጽሐፍ ሲያነብም ጭምር ነው።

ምሳሌዎቹን በራሳችን ፊደል የጻፍናቸው የላቲኑን ፊደል ያልተማሩ እናቶችና አባቶችም ከልጆቻቸው ጎን ተቀምጠው እንዲከታተሉ ነው። ተማሪዎች ግን እያንዳንዱን ምሳሌ በደብተራችሁ ላይ በእንግሊዝኛው ፊደል እየጻፋችሁ ተለማመዱ።

ምንነቱ

«ናውን» ማለት ስም ነው። «ክሎዝ» ደግሞ የራሱ ባለቤትና የራሱ ግስ ያለው የዐረፍተ ነገር ክፍል ነው። ሁለቱን ስናጣምራቸው «የስምን ሥራ የሚሠራ ንዑስ ዐረፍተ ነገር» የሚል ፍች እናገኛለን። አንድ ምሳሌ እንመልከት፦

«ሺ ኖውስ ዘ አንሰር።» (መልሱን ታውቃለች።)
«ሺ ኖውስ ዛት ዘ ስኩል ኢዝ ክሎዝድ።» (ትምህርት ቤቱ እንደተዘጋ ታውቃለች።)

በመጀመሪያው ላይ «ዘ አንሰር» የሚለው ስም የያዘውን ወንበር፣ በሁለተኛው ላይ «ዛት ዘ ስኩል ኢዝ ክሎዝድ» የሚለው ንዑስ ዐረፍተ ነገር በሙሉ ተቀምጦበታል። እንግዲህ ዋናው ነገር ይህ ነው፤ ቃላቱ ቢበዙም ወንበሩ አንድ ነው።

ሁላችንም የምናውቀው ምሳሌ

ውድ አንባብያን! ናውን ክሎዝ ለሙስሊም ልጅ እንግዳ ነገር አይደለም። አፉን ከፈታበት ጊዜ ጀምሮ ሲለው ኖሯል። «አሽሀዱ አን ላ ኢላሀ ኢለላህ» ስንል «አሽሀዱ» (እመሰክራለሁ) ዋናው ግስ ነው። የምንመሰክረው ምንድን ነው ብለን ብንጠይቅ፣ መልሱ ከ«አን» በኋላ ያለው ነው። በእንግሊዝኛም «አይ ቤር ዊትነስ ዛት ዜር ኢዝ ኖ ጎድ በት አላህ» ይባላል። የዐረብኛው «አን» የሠራውን ሥራ የእንግሊዝኛው «ዛት» ሠርቶታል።

በአማርኛ ግን «ከአላህ በስተቀር በእውነት የሚመለክ አምላክ እንደሌለ እመሰክራለሁ» እንላለን። ልዩነቱን ልብ በሉ! በዐረብኛና በእንግሊዝኛ ምልክቱ በንዑሱ ዐረፍተ ነገር ራስ ላይ፣ እንደ በረኛ ከፊት ይቆማል፤ በአማርኛ ግን «እንደ» ከግሱ ጋር ተለጥፎ ወደ መጨረሻው ይመጣል። ዋናው ግሳችን «እመሰክራለሁ» ደግሞ ከሁሉም በኋላ ይከተላል። የአማርኛ ተናጋሪ ተማሪ የሚደናገረውም እዚህ ላይ ነው፤ እርሱ መጨረሻ ላይ የለመደውን እንግሊዝኛው መጀመሪያ ላይ ያስቀምጥበታል።

ነሕው የቀራችሁ ደረሳዎች ነገሩ ይበልጥ ይቀላችኋል። «አን»ና ከእርሱ የሚከተለው ግስ ተጣምረው እንደ አንድ መስደር ሲቆጠሩ «መስደር ሙአወል» እንደሚባሉ ተምራችኋል። በአማርኛችንም «መምጣቱን አውቃለሁ» እና «እንደመጣ አውቃለሁ» የምንለው ለዚሁ ነው። እንግሊዝኛው «አይ ኖው ዛት ሂ ኬም» ይላል እንጂ፣ «መምጣቱን» የሚለውን ቃል በቃል ገልብጠን «አይ ኖው ሂዝ ከሚንግ» ብንል ሐሳቡን በደንብ አይገልጽም።

መለያ ቃላቱ

ናውን ክሎዝ በአብዛኛው በሚከተሉት ቃላት ይጀምራል፦

ሀ. «ዛት»፤ እርግጥ የሆነውን ወይም የተነገረውን ነገር ለማስተዋወቅ ያገለግላል። አንዳንድ ጊዜ ይተዋል፤ «አይ ሆፕ ዩ አር ዌል» (ደህና እንደሆንክ ተስፋ አደርጋለሁ) ሲባል «ዛት» ባይጻፍም አለ።

ለ. «ዌዘር» እና «ኢፍ»፤ ነገሩ ይሁን አይሁን ባልታወቀ ጊዜ ይገባሉ። ንዑሱ ዐረፍተ ነገር የዋናው ባለቤት ሆኖ ከፊት ሲመጣ፣ እንዲሁም ከመስተዋድድ በኋላ ሲሆን «ዌዘር» እንጂ «ኢፍ» አይገባም።

ሐ. የመጠይቅ ቃላት፤ «ዋት»፣ «ሁ»፣ «ዌን»፣ «ዌር»፣ «ዋይ»፣ «ሃው»፣ «ዊች» ናቸው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጥያቄ ስንጠይቅ «ዌር ኢዝ ሂ?» እንላለን። በናውን ክሎዝ ውስጥ ግን «አይ ዶንት ኖው ዌር ሂ ኢዝ» ነው። ባለቤቱ ይቀድማል፤ ግሱ ይከተላል። «አይ ዶንት ኖው ዌር ኢዝ ሂ» ማለት ስሕተት ነው። በፈተና ላይ ተደጋግሞ የሚጣለው ወጥመድም ይኸው ነው።

የሚቀመጥባቸው ስድስት ቦታዎች

1. ባለቤት ሆኖ፦ «ዋት ሂ ሰይድ ሰርፕራይዝድ ሚ።» (የተናገረው አስገረመኝ።)

2. የግስ ተሳቢ ሆኖ፦ «ሺ ኖውስ ዛት ዘ ስኩል ኢዝ ክሎዝድ።» ከሁሉም የሚበዛው ይህ ነው።

3. የመስተዋድድ ተሳቢ ሆኖ፦ «ዊ ቶክድ አባውት ሃው ዊ ኩድ ሄልፕ ዘም።» (እንዴት ልንረዳቸው እንደምንችል ተነጋገርን።)

4. የባለቤት ማሟያ ሆኖ፣ ከ«ኢዝ» ወይም ከ«ዎዝ» በኋላ፦ «ዘ ፕሮብለም ኢዝ ዛት ዊ አር ሌት።» (ችግሩ መዘግየታችን ነው።)

5. የቅጽል ማሟያ ሆኖ፦ «አይ አም ግላድ ዛት ዩ ኬም።» (በመምጣትህ ደስ ብሎኛል።)

6. ስምን የሚያብራራ ሆኖ፦ «ዘ ኒውስ ዛት ሂ ሪተርንድ ሜድ አስ ሃፒ።» (ተመለሰ የሚለው ዜና አስደሰተን።)

ከ1 እስከ 4 ያሉትን ለመለየት ቀላል መፈተኛ አለ። የጠረጠራችሁትን ክፍል በሙሉ አውጡና በቦታው «ሳምሲንግ» (አንድ ነገር) የሚለውን ቃል አስገቡ። ዐረፍተ ነገሩ ከቆመ ያወጣችሁት ናውን ክሎዝ ነው። «ሳምሲንግ ሰርፕራይዝድ ሚ»፣ «ሺ ኖውስ ሳምሲንግ» ሁለቱም ይቆማሉ። ለ5ኛው «ደስ ያለኝ በምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

6ኛው ግን የሚመሳሰለው አለው። «ዘ ኒውስ ዛት ሂ ብሮት ሜድ አስ ሃፒ» (ያመጣው ዜና አስደሰተን) የሚለውን ተመልከቱ። «ሂ ብሮት» ብቻውን ጎዶሎ ነው፤ ምን አመጣ? ስለዚህ ይህ ስሙን የሚገልጽ ቅጽላዊ ክፍል ነው፤ በ«ዛት» ፋንታ «ዊች» ቢገባም ይሄዳል። «ሂ ሪተርንድ» ግን ሙሉ ነው፤ ዜናውም ራሱ «ተመለሰ» የሚለው ነው።

እንደዚሁም «አይ ዶንት ኖው ኢፍ ሂ ዊል ከም» (ይምጣ አይምጣ አላውቅም) ናውን ክሎዝ ሲሆን፣ «አይ ዊል ጎ ኢፍ ሂ ከምስ» (ከመጣ እሄዳለሁ) ግን ሁኔታን የሚገልጽ ተውሳከ ግሳዊ ክፍል ነው።

ተናጋሪው ማን ነው?

ወላጆች ሆይ! ይህ ትምህርት ለፈተና ብቻ እንዳይመስላችሁ። ለሥራ ወደ ዐረብ አገር ልትሄድ የተዘጋጀች እህት እንዲህ የሚል ጽሑፍ ቢሰጣት ብላችሁ አስቡ፦ «ዘ ኤጀንት ሰይስ ዛት ዘ ኤምፕሎየር ዊል ፔይ ፎር ዘ ቲኬት።» ከ«ዛት» በኋላ ያለውን ብቻ ያነበበ ሰው «አሠሪው የትኬቱን ይከፍላል» ብሎ ደስ ይለዋል። ከ«ዛት» በፊት ያለውን ያነበበ ግን ይህን ያለው አሠሪው ሳይሆን ደላላው መሆኑን ያስተውላል። አሠሪው ራሱ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ አንድም ቃል አልተነፈሰም! ስለዚህ «ውሉ ላይስ ምን ተጽፏል?» ብላ መጠየቅ ይገባታል።

ናውን ክሎዝ የሚሸከመው ወሬውን ነው፤ የወሬውን ባለቤትና የእርግጠኝነቱን ልክ የሚነግረን ግን ዋናው ግስ ነው። «ሂ ሰይስ» (ይላል)፣ «ሂ ሲንክስ» (ያስባል)፣ «ሂ ሆፕስ» (ተስፋ ያደርጋል)፣ «ሂ ኖውስ» (ያውቃል) እያንዳንዳቸው ክብደታቸው ለየቅል ነው። የሐዲስ ሊቃውንት መትኑን ከመቀበላቸው በፊት ኢስናዱን ይመረምሩ የነበረው ማን ከማን እንደሰማ ሳይታወቅ ንግግር ስለማይታመን ነው። ቁርኣንም በሱረቱል ሑጁራት ቁጥር 6 አመጸኛ ሰው ወሬ ይዞ ሲመጣ ማጣራት እንደሚገባን ያስተምረናል። ዛሬ በየስልካችን የሚደርሰንን መልእክት ስናስተላልፍ ብዙ ጊዜ የምንጥለው ይህንኑ «እገሌ እንዳለው» የሚለውን ራስ ነው። ያን ጊዜ የሰማነውን እንዳየነው፣ የገመትነውን እንዳረጋገጥነው አድርገን እናስተላልፋለን፤ አላህ ይጠብቀን።

መልመጃ

ከሚከተሉት ውስጥ ናውን ክሎዝ ያላቸውን ለዩ፤ ሥራውንም ተናገሩ። መልሱን ሳታዩ መጀመሪያ ሞክሩ።

1. «ዋት ማይ ማዘር ኩክስ ኢዝ ዴሊሸስ።»
2. «ዘ ቡክ ዛት ሂ ቦት ኢዝ ኒው።»
3. «ቴል ሚ ዌን ዘ በስ ሊቭስ።»
4. «ኮል ሚ ዌን ዘ በስ ሊቭስ።»
5. «ኤቭሪሲንግ ዲፔንድስ ኦን ዌዘር ሂ አግሪስ።»

መልስ፦ 1. አለው፤ «ዋት ማይ ማዘር ኩክስ» ባለቤት ነው። 2. የለውም፤ መጽሐፉን የሚገልጽ ቅጽላዊ ክፍል ነው። 3. አለው፤ «ዌን ዘ በስ ሊቭስ» ተሳቢ ነው፤ የሚነገረኝ ነገር ሰዓቱ ነው። 4. የለውም፤ የምትደውልልኝን ጊዜ የሚያመለክት ተውሳከ ግሳዊ ክፍል ነው። 5. አለው፤ «ኦን» ለሚለው መስተዋድድ ተሳቢ ነው፤ «ኢፍ» ያልገባውም ለዚህ ነው።

3ኛውንና 4ኛውን የለየ ተማሪ ትምህርቱን ይዞታል ማለት ነው። ያልለየም አይዘን፤ «ሳምሲንግ» የሚለውን አስገብቶ እንደገና ይሞክር። «ቴል ሚ ሳምሲንግ» ይቆማል፤ «ኮል ሚ ሳምሲንግ» ግን የታሰበውን ትርጉም አይሰጥም።

በሚቀጥለው እትም ኢንሻአላህ ቅጽላዊውን ክፍል በሰፊው እናያለን። እስከዚያው ከመማሪያ መጽሐፋችሁ አንድ ገጽ መርጣችሁ በውስጡ ያሉትን ናውን ክሎዞች አስምሩባቸው፤ በእያንዳንዳቸውም አጠገብ ተናጋሪው ማን እንደሆነ ጻፉ። አላህ (ሱ.ወ.) በሚጠቅመን ዕውቀት ላይ ይወፍቀን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።