ጎማው አደገ፣ ጉልበቱ የት ገባ?

ፒክአፕ የገዛ ሁሉ የፋብሪካውን ጎማ አውልቆ ትልልቁን ማሰር ፋሽን ሆኗል። ዲፈረንሻሉን ግን የሚያስታውሰው የለም። መኪናው ቆሞ ሲታይ ያስፈራል፤ ዳገት ላይ ያለቅሳል።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ብዙ ሃይሉክስ ይዞት የሚመጣው 265/65 አር 17 ጎማ ቁመቱ 776 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በምትኩ የሚታሰረው 285/70 አር 17 ደግሞ 831 ይደርሳል። ልዩነቱ 7 በመቶ ነው። መኪናውን የሚገፋው ጉልበት በዚያው ልክ ገደማ ይቀንሳል፤ የጎማው ክብደት ሲጨመርበት ይብሳል። ዲፈረንሻሉ 3.9 ከነበረ፣ ያንን ጉልበት ለመመለስ 4.2 ገደማ ያስፈልጋል፤ ያውም የፊቱም የኋላውም አንድ ላይ ተቀይሮ።

ትርፉስ? መኪናው ከመሬት ከፍ የሚለው 2.7 ሴንቲ ሜትር ብቻ!

ኪሳራው የሚታየው ቁልቁለት ላይ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወረድ፣ በከባድ ማርሽ መኪናውን ይዞ የሚያወርደው ሞተር አቅም ያጣል። ሸክሙ ሁሉ ፍሬን ላይ ይወድቃል፤ ፍሬን ደግሞ ሲግል ይከዳል። በትክክል ይቆጥር የነበረው ጌጅም 100 ሲያሳይ መኪናው 107 ይሮጣል።

ጭቃ ለሚያስቸግረው በፋብሪካው ልክ የተሠራ፣ ጥርሱ ጎላ ያለ ጎማ ይበቃዋል። ትልቁን የግድ የሚል መጀመሪያ የዲፈረንሻሉን ዋጋ ይያዝ።

ጎማ ሻጩ «ምንም አይልም» ይላል። እውነቱን ነው፤ ቤተሰብ ጭኖ በረሃውን የሚወርደው እሱ አይደለም።