መስመሩንም ለጎግል?

የስልክ ኩባንያውን የማያማርር ሰው ማግኘት ይከብዳል። ኔትወርኩ ይቆራረጣል፣ የገዙት ጥቅል ሳያልቅ ጊዜው ያልፋል፣ ደውለው አቤት ቢሉ በመስመር ላይ ይቆዩ የሚል የተቀዳ ድምፅ ይመልሳል። ከዚህ ምሬት የተወለደ አንድ ሐሳብ አሜሪካ ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ሲራገብ ኖሯል። ጎግል ወይም አፕል ራሱ የሞባይል ኦፕሬተር ይሁንና ይገላግለን የሚል ነው። እኛም ዘንድ ቴሌ ሲያስመርር ይኸው ምኞት ሲነሳ ይሰማል። እኔ አጥብቄ እቃወመዋለሁ። የምቃወመው ኩባንያዎቹ ሥራውን አይችሉትም ብዬ አይደለም። አሳምረው ሊሠሩት ይችላሉ፤ አደጋው የሚከፋውም ያኔ ነው።

ሐሳቡ ተሞክሯል። ጎግል በኤፕሪል 2015 (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ) «ፕሮጀክት ፋይ» የሚባል የስልክ አገልግሎት ጀመረ። ለድምፅና ለአጭር መልእክት በወር 20 ዶላር፣ ለአንድ ጊጋባይት ዳታ 10 ዶላር ያስከፍል ነበር። ያልተጠቀሙበት ዳታ ገንዘቡ በሚቀጥለው ወር ሂሳብ ላይ ይታሰብ ነበር። ከ120 በሚበልጡ አገሮች ዳታው በዚያው ዋጋ ይሠራ ነበር፤ የሁለት ዓመት ውል አልነበረም። በውል ታስሮ ለኖረና ከጉዞ መልስ የሮሚንግ ሂሳብ ላስደነገጠው ሰው ይህ እውነተኛ እፎይታ ነበር። ይህን መካድ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ነገር ግን ጎግል የራሱን ታወር አልተከለም። የስፕሪንትንና የቲ-ሞባይልን ኔትወርክ ተከራይቶ በራሱ ስም ሸጠ። ሁለቱ ደግሞ በ2020 ተዋሃዱና አከራዮቹ በዋናነት አንድ ሆኑ። በጃንዋሪ 2023 የፋይ ደንበኞች ስልክ ቁጥርና የሲም ካርድ መለያ መሰረቁ ሲገለጽ፣ ቀዳዳው የተገኘው በአከራዩ ኔትወርክ በኩል ነው። ስለ ውድድር የሚወራው ሁሉ እዚህ ላይ ይሳሳል። ለደንበኛው የመጣለት አዲስ ስም እንጂ አዲስ መስመር አይደለም።

ዋናው ክርክሬ ግን ይህ አይደለም።

በፌብሩዋሪ 2021 ሳን ፍራንሲስኮ የሚኖር አንድ አባት የሕፃን ልጁ ብልት አብጦ አሳሰበው። የኮሮና ጊዜ ስለነበር ሐኪሙ የሚያያቸው በቪዲዮ ነው፤ ነርሷም አስቀድማችሁ ፎቶ ላኩ አለች። ፎቶው ተነሳ፣ ተላከ፣ ሐኪሙ አይቶ አንቲባዮቲክ አዘዘ፣ ልጁም ዳነ። ፎቶው ግን ከስልኩ በራሱ ወደ ጎግል ማከማቻ ተጭኖ ነበርና የጎግል መፈተሻ የሕፃናት ጥቃት ምስል ነው ብሎ ፈረጀው። በሁለት ቀን ውስጥ አካውንቱ ተዘጋ። ኢሜይሉ፣ የወዳጆቹና የቀድሞ ባልደረቦቹ አድራሻ፣ ልጁ ከተወለደ ጀምሮ የተነሱ ፎቶዎች አብረው ተዘጉ። ሰውየው የፋይ ደንበኛ ስለነበር ስልክ ቁጥሩም ሄደ።

ቁጥሩ ከሄደ በኋላ የሆነውን ልብ በሉ። ሌሎች አካውንቶቹን ለመክፈት የማረጋገጫ ኮድ ያስፈልጋል፤ ኮዱ የሚላከው በዚያው በጠፋው ቁጥር ወይም በዚያው በተዘጋው ኢሜይል ነው። ሌላ ኩባንያ ዘንድ ሄዶ አዲስ ቁጥር አወጣ፤ የድሮ በሮቹን ግን አዲሱ ቁጥር አይከፍታቸውም። የከተማው ፖሊስ ጉዳዩን መርምሮ ወንጀል አላገኘበትም፣ መዝገቡንም ዘጋው። መርማሪው ሰውየውን ሊያነጋግር ፈልጎ ቁጥሩም ኢሜይሉም አልሠራለትም። ሰውየው የፖሊስን ውሳኔ ይዞ ለጎግል አቤት ቢልም አካውንቱ አልተመለሰለትም። ኒውዮርክ ታይምስ በኦገስት 2022 ታሪኩን ሲያወጣም ኩባንያው በውሳኔዬ እንደጸናሁ ነኝ አለ።

የሕፃናት ጥቃት ምስሎችን ማሰስ ተገቢ ነው፤ በዚህ አልከራከርም። በሚሊዮን የሚቆጠር ምስል የሚያይ ማሽን አንዳንዴ ይሳሳታል፣ ሰውም ይሳሳታል። የማልቀበለው የፎቶ ማከማቻ ስህተት ስልክ ቁጥር ድረስ መዝለቁን ነው። ቁጥሩ ቬሪዞንን በመሰለ ሌላ ኦፕሬተር ዘንድ ቢሆን ኖሮ ሰውየው ፎቶና ኢሜይል ያጣል፤ መራራ ነው፣ ነገር ግን ስልኩ ይጮሃል፣ ኮዱ ይደርሰዋል፣ መርማሪው ያገኘዋል። ከጥፋት ያድነው የነበረው በሁለቱ ኩባንያዎች መካከል ያለው ግድግዳ ነበር። ፋይ ያፈረሰው እሱን ነው።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህን ማስረዳት ብዙ አይከብድም። ቴሌብር በ2021 ከተጀመረ ወዲህ ለስንቱ ሰው ቁጥሩ የገንዘብ ቦርሳው ሆኗል። የባንክ መተግበሪያው ኮድ የሚልከው፣ የፋይዳ መታወቂያ የሚረጋገጠው፣ ቴሌግራም የሚከፈተው በዚያችው ቁጥር ነው። ቁጥሩን የተነጠቀ ሰው የሚያጣው የመደወያ መንገድ ብቻ አይደለም፤ እኔ ነኝ ብሎ የሚያስመሰክርበትን ያጣል። እንዲህ ያለውን ነገር ኢሜይልህን፣ ፎቶህን፣ ፍለጋህንና የሄድክበትን መንገድ በያዘው ኩባንያ እጅ ላይ መጨመር ምን ዓይነት መፍትሔ ነው?

አሜሪካኖች መስመሩንና ከመስመሩ ጋር የሚገናኘውን ለማለያየት ብዙ ዓመት ታግለዋል። ቤል ሲስተም በሚባልበት ዘመን ኤቲ ኤንድ ቲ የሚባለው ግዙፍ የስልክ ኩባንያ መስመሩን ብቻ ሳይሆን ቤት ውስጥ ያለውንም ስልክ የራሱ አድርጎ ያከራይ ነበር። ሐሽ-ኤ-ፎን የሚባል፣ ንግግር ለጎረቤት እንዳይሰማ በስልኩ አፍ ላይ የሚገጠም ተራ መሸፈኛ እንኳ አይገጠምም ብሎ ተሟገተ፤ የይግባኝ ፍርድ ቤት ለመሸፈኛው ባለቤት የፈረደው በ1956 ነው። በ1968 ደግሞ የአገሪቱ ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በካርተርፎን ጉዳይ ኔትወርኩን እስካልጎዳ ድረስ የሌላ ሰው መሣሪያም ከመስመሩ ጋር ይገናኝ ብሎ ወሰነ። ሞደም በየቤቱ የገባው በዚያ በር ነው፤ ኢንተርኔትም ሞደሙን ተከትሎ ገባ። ጎግል ራሱ የዚህ መለያየት ፍሬ ነው።

ኩባንያው ይህን አሳምሮ ያውቃል። በ2008 የ700 ሜጋኸርትዝ ሞገድ ጨረታ ላይ ከ4.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ ያቀረበው አንድ የሚፈልገው ግዴታ እንዲጸና ነበር፤ ሞገዱን የሚያሸንፈው ማንም ይሁን ማን፣ ደንበኛው የፈለገውን ስልክና የፈለገውን መተግበሪያ እንዲጠቀም። ጨረታውን ቬሪዞን አሸነፈ፣ ግዴታውም ጸና። ያኔ ጎግል የመስመሩ ባለቤት በመስመሩ ላይ በሚሄደው ነገር አይዘዝ ብሎ ትክክለኛውን ክርክር ተከራከረ። ያ ክርክር ዛሬ በራሱ በጎግል ላይ የማይሠራበት ምክንያት አይታየኝም።

ኦፕሬተሮቹም መላእክት አይደሉም፣ ለምን ትከላከልላቸዋለህ የሚለኝ ይኖራል። አልከላከልላቸውም። የደንበኞቻቸውን መገኛ ለነጋዴ አሳልፈው በመስጠታቸው ያው የአሜሪካ ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በኤፕሪል 2024 ወደ 200 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ቅጣት ጥሎባቸዋል። ግን ክሱን አስተውሉ፤ የሸጡት ያላቸውን ነው፣ እሱም የት እንዳለህ ነው። ምን እንደፈለግህ፣ ምን እንደጻፍክ፣ የትኛው በሽታ እንዳስጨነቀህ የሚያውቀው ሌላ ነው። የአንዱን በደል ለመሸሽ ሁለቱን እውቀት አንድ ጎተራ ውስጥ መክተት በደሉን ያበዛዋል እንጂ አይቀንሰውም።

ፋይ ያመጣው በጎ ነገር ደግሞ ያለ ጎግልም ይመጣል። የአውሮፓ ኅብረት በጁን 2017 በአባል አገሮቹ መካከል ሮሚንግን በአገር ቤት ዋጋ እንዲሆን ያደረገው በሕግ ነው፤ አንድም የቴክኖሎጂ ኩባንያ ነፃ አውጪ ሆኖ አልመጣም። ያልተጠቀሙበት ዳታ ለደንበኛው ይመለስ ብሎ ማዘዝ ለተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የወረቀት ሥራ ነው። እውነተኛ ተፎካካሪ ካስፈለገም የራሱን ታወር የሚተክል ይምጣ። ሳፋሪኮም የሚመራው ጥምረት በ2021 ለኢትዮጵያ ፈቃድ 850 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ የራሱን ኔትወርክ ሲዘረጋ የቴሌ ብቸኝነት አበቃ። ጉድለቱ ብዙ ነው፤ የራሱን የሞባይል ገንዘብ ከመስመሩ ጋር አጣምሮ መያዙም የእኔኑ ጥያቄ ያስነሳበታል። የጨመረው ነገር ግን መስመር ነው።

ትልልቆቹ ኩባንያዎች ወደዚህ ገበያ መግባታቸው የማይቀር ከሆነ ፈቃድ ሰጪው በቅድሚያ አንድ ነገር ያስፈርማቸው፤ የሌላ አገልግሎት አካውንት በመዘጋቱ የማንም ስልክ ቁጥር እንዳይዘጋ፣ ባለቤቱም አካውንቱን መክፈት ባይችል እንኳ ቁጥሩን ይዞ ወደፈለገው ኦፕሬተር እንዲሄድ። አሜሪካ ያላችሁ የፋይ ደንበኞችም ይህ እስኪሆን አትጠብቁ። የባንካችሁና የኢሜይላችሁ ኮድ የሚመጣበትን ቁጥር ከጎግል ጋር ምንም ንክኪ ወደሌለው ኩባንያ አዛውሩ፤ ማዛወሩ የሚቀለው አካውንቱ ክፍት ሳለ ነው።