መውረጃዬን ያሳለፈኝ መጽሐፍ

ሃያሲ አይደለሁም። ሥነ ጽሑፍም አልተማርኩም። የማነበው ታክሲ ውስጥ፣ ወረፋ ላይ፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ በሻማ ነው። ስለዚህ ለመጽሐፍ ያለኝ መለኪያ አንድ ብቻ ነው፤ መውረጃዬን አሳልፎኛል ወይስ አላሳለፈኝም?

እናላችሁ፣ በቀደም አንድ ወዳጄ ቤት ቡና እየጠጣን ታናሽ ወንድሙ «ዴርቶጋዳ»ን ይዞ ገባ። ልጁ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው። ከትምህርት ቤት መጽሐፍ ሌላ ይዞ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር። ወዳጄ ቀና ብሎ አየውና «እሱን ትተህ ቁም ነገር ያለው አታነብም?» አለው። ልጁ ምንም አልመለሰም። መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ስልኩን አወጣ። በቃ! አንባቢ የሚጠፋው እንዲህ ነው።

እውነቱን ልናገር፤ «ዴርቶጋዳ» እኔን ሁለት ፌርማታ አሳልፎኛል። እንከን የለበትም አልልም። ሰዎቹ ጨዋታቸውን ትተው ሌክቸር የሚሰጡበት ቦታ ሞልቷል። የአጋጣሚው ብዛትም ጣና ላይ ታንኳ ያሰምጣል። ግን ይስማዕከ ወርቁ ገዳሙን፣ ሰላዩንና ሳይንቲስቱን አንድ ላይ አስሮ ሲያስሮጠኝ፣ «ለካ እኛም ሀገር እንዲህ ዓይነት ታሪክ ይወጣል!» ብያለሁ። ይህ ስሜት ለጀማሪ አንባቢ ትንሽ ነገር አይደለም።

ደግሞስ ልብ አንጠልጣይነት ከመቼ ወዲህ ነው ነውር የሆነው? «ኦሮማይ»ን ዛሬ ሁላችንም በአክብሮት ነው የምናነሳው። ውስጡ ያለው ግን ምንድን ነው? ስለላ አለ፤ ፍቅር አለ፤ እጮኛው አዲስ አበባ፣ ልቡ አስመራ የቀረ ጋዜጠኛ አለ። በዓሉ ግርማ በዚያ ሩጫ መሐል ነው የቀይ ኮከብ ዘመቻን ጉድ ያሳየን። መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ። ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። እኛ «ማዝናኛ» ብለን የምንንቀውን ነገር ደርግ አልናቀውም።

ነቢይ መኮንንም ማዕከላዊ ታስሮ ሳለ በሲጋራ ፓኬት ወረቀት ላይ የተረጎመው የርዕዮተ ዓለም መጽሐፍ አልነበረም። «ነገም ሌላ ቀን ነው» ነው፤ ሚሊዮኖች የወደዱት የፍቅርና የጦርነት ልብ ወለድ። እስረኛ እንኳን ታሪክ ይርበዋል።

ወደ እውነተኛ ታሪኮቹ ስንመጣም ነገሩ ያው ነው። ስለ «ያ ትውልድ» የተጻፉ ማስታወሻዎችን ደጋግሜ ሞክሬአለሁ። ብዙዎቹ ቃለ ጉባኤ ይመስሉኛል፤ ማን ምን አለ፣ ጥፋቱ የማን ነው። የሕይወት ተፈራን «ማማ በሰማይ» ሳነብ ግን መጀመሪያ ያገኘሁት አንዲት ያፈቀረች ተማሪ ነው። የምትወደው ጌታቸው ማሩ ከኢሕአፓ አመራሮች አንዱ ነበር። የገደሉት ግን የገዛ ድርጅቱ ሰዎች ናቸው። እሷንም ደርግ ስምንት ዓመት አሰራት። በትንታኔ ብዛት ያልገባኝ ዘመን በአንዲት ሴት ልብ በኩል ገባኝ። እዚያ ገጽ ላይ ስደርስ መውረጃዬን ማለፌ ቀርቶ ታክሲው መድረሻው ላይ መቆሙንም አላወቅኩም፤ ረዳቱ ነው ትከሻዬን ነክቶ ያስወረደኝ።

ከ«ዴርቶጋዳ» ወደ «ኦሮማይ»፣ ከ«ኦሮማይ» ወደ «ማማ በሰማይ» መንገዱ ሩቅ አይደለም። ከስልክ ወደ መጽሐፍ ያለው ነው ሩቁ። ልጁ ያንን በራሱ ጊዜ፣ ማንም ሳይገፋው ተሻግሮ ነበር። የመለሰው የእኛ ኩራት ነው።

ስለዚህ ወዳጄ፣ መጽሐፉን ለወንድምህ መልስለት። ምክር አትጨምርበት። ሲጨርስ «እንዴት ነበር?» ብቻ በለው።

እናንተንስ በመጨረሻ መውረጃችሁን ያሳለፋችሁ የትኛው ነው? እኔ ደርሻለሁ፤ ወራጅ አለ!