መሣሪያው አያታልልም

የማያውቁትን ነገር ከመመርመር መንቀፍ ይቀላል። ጊታር መቺው በመድረክ ላይ በእግሩ ሥር ፔዳል ደርድሮ ያዩት እንደ ሆነ፤ «ይህ ማታለል ነው እንጂ ጥበብ አይደለም፤ ድምፁን የሚያወጣው ሣጥኑ ነው እንጂ ሰውየው አይደለም» የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ከጊታሩ የዋሽንትና የመለከት ድምፅ የሚያሰማውን ሲንተሳይዘር የሰሙ እንደ ሆነማ ነቀፋቸው ይብሳል። ይህ ፍርድ ግን ከማስተዋል የመጣ አይደለም።

በመጀመሪያ፤ የአውታርን ድምፅ በሌላ ነገር መለወጥ ከኤሌክትሪክ ጋራ የተወለደ ጥበብ አይደለም። የአባቶቻችንን በገና እንመልከት። በ10ሩ አውታሮችና አውታሮቹ በሚያርፉበት እንጨት መካከል እንዝራ የሚባል ቁራጭ ቆዳ ይገባል። አውታሩ ቆዳውን እየነካ ሲርገበገብ ያ ልብን የሚመስጥ ንዝረት ይወጣል፤ ቆዳው የወጣ እንደ ሆነ ግን የምናውቀው የበገና ድምፅ አይገኝም። ታዲያ በገና ደርዳሪውን አታላይ ብሎ የሰደበው ማን ነው? በ1962 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ አገር ለገበያ የወጣው ማኤስትሮ ፈዝ ቶን የተባለው ፔዳልም ያደረገው የጊታሩን ጥሩ ድምፅ በኤሌክትሪክ ማሻከር ነው። መንገዱ ሌላ ይሁን እንጂ ሐሳቡ አንድ ነው።

ደግሞም እንዲህ ያለው ነቀፋ ዕድሜ የለውም። በ1966 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር፤ በማንቸስተር ከተማ፤ ቦብ ዲላን የኤሌክትሪክ ጊታር ይዞ በቆመ ጊዜ ከአዳማጮቹ አንዱ ይሁዳ ብሎ ጮኸበት። ዛሬ ጊታርን ከኤሌክትሪክ ጋራ ማገናኘት ክሕደት ነው የሚል ሰው ቢኖር የሚስቅበት እንጂ የሚሰማው አያገኝም።

ሁለተኛ፤ መሣሪያው ሰነፉን የሚሸፍን ይመስላቸዋል፤ ነገር ግን ያጋልጠዋል። ዛሬ ያሉት ብዙዎቹ የጊታር ሲንተሳይዘሮች እያንዳንዱን አውታር ለብቻው ሰምተው፤ በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደ ተርገበገበ ለክተው፤ ያንኑ ቃና በሌላ ድምፅ ይመልሱታል። ወፍራሙ አውታር በሴኮንድ 82 ጊዜ ያህል ስለሚርገበገብ አንዱን እርግብግቢት ለመለካት ብቻ 12 ሚሊሴኮንድ ያህል ይፈጃል። ስለዚህ መቺው አመታቱ የጠራ፤ ጊዜውም የተስተካከለ ሊሆን ይገባዋል። ጣቱ ሳያስበው ሌላ አውታር የነካ እንደ ሆነ መሣሪያው ያልታሰበ ድምፅ አውጥቶ በሰው ፊት ያሳፍረዋል። እንደ ገደል ማሚቶ ድምፅን የሚመልሰው ፔዳልም ስሕተትን ይደግመዋል እንጂ አይደብቀውም። አሜሪካዊው ፓት ሜቴኒ ሮላንድ ጂ አር 300 በተባለው መሣሪያ ሲጫወት የሚሰማው የራሱ አነጋገር ነው። ያንኑ ሣጥን ሌላ ሰው ቢገዛው ሣጥኑን አገኘ እንጂ ሜቴኒን አልሆነም።

ማታለል የምንለው ሌላ ነው። አዳማጭ ገንዘቡን ከፍሎ የመጣው በዚያች ሰዓት የሚሠራውን ሥራ ለመስማት ነው። በአዳማጩ ፊት የመታውን ዜማ በፔዳል ቀድቶ፤ በላዩም ሌላ ዜማ የሚጨምር ሰው ሠራተኛ ነው፤ የሠራውን ሁሉ ሕዝቡ አይቶለታል። ትናንት በቤቱ የቀዳውን አስከፍቶ እጁን በከንቱ የሚያወናጭፈው ግን፤ የትናንትናውን እንጀራ አሙቆ አሁን ከምጣድ ወጣ እያለ እንደሚሸጥ ሰው ነው። ይህ ሰው አንድ ፔዳል እንኳ ላይኖረው ይችላል፤ አታላዩ ግን እርሱ ነው።

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ይህን ስንል ፔዳል ጥበብን ይሰጣል ማለታችን አይደለም። ጣቱን ሳያለማምድ አባቱ የሰጠውን ገንዘብ በሣጥን ላይ የሚጨርስ ልጅ፤ ፊደል ሳይቆጥር ብዕር እንደሚያከማች ሰው ነው። ነቃፊ መጥቶ «የሚጫወተው ሣጥኑ ነው» ያለህ እንደ ሆነ አትከራከረው፤ ፔዳሉን ሁሉ ዘግተህ ያንኑ ዜማ በጊታሩ ብቻ አሰማው። ከቻልህ ክርክሩ በዚያው አለቀ። ካልቻልህ ግን ነቃፊው ስለ መሣሪያው ቢሳሳትም ስለ አንተ አልተሳሳተም።