ከፍልሰታ በፊት ያልደረስነውን ለቅሶ እንድረስ

ፍልሰታ እየመጣ ነው። ነሐሴ 1 ሲገባ ቤተ ክርስቲያኑ ይሞላል። ሕፃናቱ ነጭ ለብሰው ለቁርባን ይሰለፋሉ፤ ከሥራ የሚወጣው ሁሉ ነጠላውን መኪናው ውስጥ አጣፍቶ ቅዳሴ እንዳያመልጠው ይሮጣል። እስኪ ያን ጊዜ ዘወር ብላችሁ እዩ። በሴቶች በኩል ግድግዳውን ተደግፈው ይቆሙ የነበሩት እናቶች የት አሉ? ከበሮውን ይመታ የነበረው ወጣት የት ገባ? ከ2013 ወዲህ ከመካከላችን የጠፉትን ቤተሰቦች ሁላችንም እናውቃቸዋለን። ስማቸውን እናውቃለን፣ ቤታቸውን እናውቃለን፣ የልጆቻቸውን ክርስትና በልተናል። የት ጠፋችሁ ብለን ግን አልጠየቅናቸውም።

ለምን እንደጠፉ መዘርዘር አያስፈልግም። የትግራዩን ጦርነት ታውቃላችሁ፣ የጥር 2015ን የኤጲስ ቆጶሳት ሹመት ውዝግብ ታውቃላችሁ፣ በየቴሌግራሙና በየቲክቶኩ የተወራወርነውን ቃል ታውቃላችሁ። የማነሣው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሳንደርስ የቀረነውን ለቅሶ።

በምንኖርበት በዋሽንግተን አካባቢ ያለች አንዲት እህታችን አለች። ስሟን አልጠራም፤ የሚያውቋት ያውቋታል። ትውልዷ ትግራይ ነው። አረጋውያን መጦሪያ ቤት ሌሊቱን ስትሠራ አድራ፣ እሑድ ጠዋት እንቅልፏን ሳታይ በቀጥታ ወደ ቅዳሴ ትመጣ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ የሚቆረሰውን ድፎ ዳቦ አብዛኛውን ጊዜ የምትጋግረው እርሷ ነበረች። የኪዳነ ምሕረት ጽዋ ማኅበርተኛ ናት፤ ተራዋ ሲደርስ በ16 ቤቷ መቀመጫ አይገኝም ነበር። ጥቅምት 24 ቀን 2013 ጦርነቱ ሲጀመር የትግራይ ስልክ ተቋረጠ። እናቷ በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ ሳታውቅ ወራት አለፉ። በመጨረሻ አንድ ሌሊት፣ ሥራ ቦታዋ መኪናዋን አቁማ ሳትወርድ፣ ወደ ሱዳን የተሰደደ ዘመድ ደወለላት። እናቷ ካረፉ ሰንብተዋል።

መርዶ እንዴት እንደሚነገር ማን ያጣዋል? ወዳጅ ዘመድ ይሰበሰባል። ጎሕ ሳይቀድ በር ይንኳኳል። ቄሱ ወይም በዕድሜ የሚበልጠው ሰው ይናገራል፤ ሐዘንተኛዋ ስትወድቅ የሚይዛት እጅ አጠገቧ አለ። ይህን ባሕል ባሕር ተሻግረንም አልተውነውም። ፈረቃችንን አስቀይረን፣ ሌሊት በ10 ሰዓት ተቀጣጥረን፣ በክረምት በረዶ ስንት ደጃፍ ላይ ቆመናል! እርሷ ግን መርዶ ነጋሪ አልነበራትም። መሪ እንደጨበጠች ብቻዋን ሰማች፣ ብቻዋን ጮኸች፣ ከዚያም ፊቷን ጠርጋ ወደ ሥራዋ ገባች፤ በዚያ ሌሊት የሚተካት ሰው አልነበረም።

ወሬው ለማኅበርተኞቹ ደረሰ። ሁለት ሴቶች ሄዱ። ከዚያ ሁሉ ማኅበርተኛ፣ ከዚያ ሁሉ ዳቦዋን ከበላ ሰው፣ ሁለት! የቀረው ሰው ምክንያት ነበረው። አንዷ «ሄጄ ምን እላታለሁ?» አለች። አንዱ ሲገባ የሚያየው ሰው ወሬ እንዳያወጣበት፣ ለማን ወገነ እንዳይባል ፈራ። ክፉ የተናገረም ነበር፤ እርሱን አልደግመውም። አርባው እኛ ዘንድ አልወጣም። የእናቷን ስም ለካህናቱ ሰጥታ ለማስጠራት እንኳ አፈረች፤ በገዛ ቤተ ክርስቲያኗ! ዲቁና ለመቀበል ይማር የነበረው ልጇ ቀረ። ቀጥላ እርሷ ቀረች። ማንም ሂጂ አላላትም፤ ማንም የት ጠፋሽም አላላትም።

እንሂድ። ዓመታት ዘግይተናል፤ ቢሆንም እንሂድ።

ይህን ስል «የእኛስ ሙታን?» የሚል ድምፅ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ድምፁ ልክ ነው። በወለጋ ዘመዶቹ የተገደሉበት ወንድም በዚሁ ከተማ ታክሲ ይነዳል፤ ሐዘኑን የነገረው ለተሳፋሪ እንጂ ለእኛ አይደለም። ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በቀጠለው ውጊያ ወንድሟን ያጣችው ልጅ፣ በአዳራሹ ጥግ ስታለቅስ «ፖለቲካ አታምጪብን» የተባለችው እኛው ዘንድ ነው። በ2015 የነነዌን ጾም ጥቁር ለብሰን በጾምንበት ሳምንት፣ እርሱም እንደኛው ጥቁር ለብሶ የመጣውን ኦሮሞ ወንድማችንን «አንተስ ከማን ጋር ነህ?» ብሎ በር ላይ ያስቆመው ሰው ነበር። ሦስት ቀን ጾመ፣ አስቀደሰ፣ ከዚያ በኋላ አልተመለሰም። የእነዚህን ሁሉ ለቅሶ አልደረስንም። ስለዚህ የማን ሙት ይቅደም የሚለውን ክርክር ተውት። ዝርዝሩ ረጅም ነው፤ ከየትም ጀምሩ፣ ብቻ ጀምሩ።

እውነት ይቅደም፣ ፍትሕ ይቅደም የሚሉ ወገኖች አሉ፤ ከልባቸው ነው የሚሉት። እኔም ፍትሕ ይቅር አልልም። የተገደለው ይቆጠር፣ ገዳይም ይጠየቅ። ነገር ግን ለቅሶ መድረስ ለማን ወገንክ ተብሎ የሚጠየቅበት ጉዳይ ሆኖ አያውቅም። በአገራችን በወሰን የተካሰሰ ጎረቤት እንኳ ለቅሶ አይቀርም ነበር። ችሎት ላይ ሲፋጠጡ የዋሉ ሰዎች ሬሳ ይዘው አብረው ይወጡ ነበር። ጦርነቱን ማን ጀመረው በሚለው ሳንስማማ የአንዲት አሮጊት ነፍስ ይማር ማለት እንችላለን። ይህን ማለት ያቃተው ጉባኤ ስለ ፍትሕ ቢናገር ማን ይሰማዋል?

ወንጌሉ በዚህ ነገር መውጫ አልተወልንም። መባህን ይዘህ መሠዊያው ፊት ቆመህ ወንድምህ በአንተ ላይ ቅሬታ እንዳለው ትዝ ካለህ፣ መባውን እዚያው ተውና ሂድ ይላል። ልብ በሉ፤ ሂድ የተባለው ቅሬታ የያዘው ሰው አይደለም፤ መባ ይዞ የቆመው ነው። አኩርፎ ቤቱ የቀረው ሰው እስኪመጣ ጠብቁ አልተባልንም። «እነርሱ ናቸው የሄዱት» የሚለው አባባላችን በዚህ ትእዛዝ ፊት አይቆምም።

በቋንቋ መከፋፈልም በእኛ አልተጀመረም። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6ን ግለጡ። በኢየሩሳሌም ግሪክኛ የሚናገሩት ወገኖች፣ በየዕለቱ ምግብ ሲታደል መበለቶቻችን ተዘነጉ ብለው አጉረመረሙ። ሐዋርያት ምን አደረጉ? ዝም በሉ አላሉም። ዘረኝነት አታምጡብን ብለውም አልገሠጹም። ቅሬታውን ሰሙ፣ ጉባኤውን ጠሩ፣ ማዕዱን የሚያገለግሉ ሰባት ሰዎች አስመረጡ። የሰባቱን ስም አንብቡት፤ ሁሉም የግሪክ ስም ነው። ኃላፊነቱን የሰጡት ቅሬታው ከመጣበት ወገን ለሚቀርቡ ሰዎች ነበር ማለት ነው። ቅዱስ እስጢፋኖስን ያገኘነው ከዚያ ቅሬታ ነው! እኛስ? በሰበካ ጉባኤያችን ውስጥ ካኮረፉት ወገኖች ስንት ሰው አለ? ወንጌሉ በትግርኛና በአፋን ኦሮሞ የሚነበበው በስንቱ እሑድ ነው?

አባቶች ሳይታረቁ እኛ ምን እናደርጋለን የሚል አለ። ይህ ምክንያት ከባድ ዋጋ አስከፍሎናል። ከ1984 እስከ 2010 ድረስ፣ 26 ዓመት፣ ሲኖዶስ ለሁለት ተከፍሎ ኖሯል። በአሜሪካ ከተሞች አንዱ ከአገር ቤቱ፣ አንዱ ከስደተኛው፣ አንዱ ከገለልተኛው ነኝ እያለ ወንድምና እህት በተለያየ ደብር አስቀድሰዋል። ሐምሌ 20 ቀን 2010 አባቶች በዚሁ በዋሽንግተን ታረቁ፤ በስደት የነበሩት ፓትርያርክ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ መርቆሬዎስም ሳምንት ሳይሞላ ወደ አገራቸው ገቡ። ደስታችን ወሰን አልነበረውም። ግን በእነዚያ 26 ዓመታት ተኮራርፈው የሞቱትን ማን አስታረቃቸው? ዕርቁ ከላይ እስኪመጣ የጠበቀ ሁሉ፣ ሲመጣ በሕይወት አልቆየም። አሁንም በትግራይ ያሉት አባቶች ከቅዱስ ሲኖዶስ ተለይተዋል። ቅዱስ ሲኖዶስ ይቅርታ ጠይቆ፣ ቅዱስ ፓትርያርኩም በሐምሌ 2015 መቀሌ ድረስ ሄደው፣ እዚያ ያሉት አባቶች አልተቀበሏቸውም። ሕዝብ እየሞተ ሳለ ሳይባል የቀረ ቃል ዘግይቶ ሲመጣ እንዲህ ነው። የእኛም ከዚህ በላይ ከዘገየ በሩ ይዘጋል።

ደግሞ አንድ ነገር አስቡ። ጸሎተ ፍትሐት ሲደርስ ሟች የሚጠራው በክርስትና ስሙ ነው። ወለተ ማርያም፣ ገብረ መስቀል፣ ኃይለ ሚካኤል፣ ፍቅርተ ሥላሴ። ወለተ ማርያም ከአድዋ ትሁን ከጎንደር፣ ከነቀምት ትሁን ከደብረ ብርሃን፣ ከስሟ የሚያውቅ የለም። ጠመንጃው ማን ከየት እንደሆነ እየለየ በገደለበት ዘመን ቤተ ክርስቲያን የማይለይ ስም ይዛ ቆይታለች! ይህን ስም ይዘን እንዴት ተለያየን? እንዴት አንድ ላይ ማስጠራት አቃተን?

እንግዲህ ተነሡ። አንድ ቤተሰብ አንድ ቤተሰብ ይያዝ። ስልካችሁን ክፈቱ፤ ቁጥራቸው አልጠፋም። ከደወላችሁ አጭር ይሁን፤ ልንመጣ ነው በሉና ሂዱ። ሁለት ሦስት ሆናችሁ ሂዱ። ለቅሶ ስንሄድ እንደምናደርገው የውኃ ካርቶን፣ ዳቦ፣ ቡና ያዙ። ካሜራ አትያዙ፤ ይህ ለፌስቡክ የሚሆን ነገር አይደለም። ስትገቡ «ነፍስ ይማር፤ ዘግይተናል፣ ይቅር በሉን» በሉና ተቀመጡ። ቢቆጡ ስሙ። ያዘኑበትን ሁሉ ቢዘረዝሩ አትመልሱ፤ «እናንተም እኮ» የሚለውን ቃል በራችሁ ላይ ተዉት። በዚያው ቀን ወደ ቤተ ክርስቲያን ተመለሱ አትበሉ። ለቅሶ ልትደርሱ ነው የሄዳችሁት። በር ባይከፍቱላችሁ ያመጣችሁትን ደጃፍ ላይ አስቀምጡና በሌላ ቀን ተመለሱ።

የጽዋ ማኅበራት ሙሴዎች ሆይ፣ ጥሪው ለእናንተ የበለጠ ነው። የተጣላ ማኅበርተኛ እያለ ጽዋ አይጠጣም፤ ካህኑ መጀመሪያ ያስታርቃል፤ ሥርዓታችሁ ይህ ነው። መዝገባችሁን አውጡ። ተራው ሳይደርስ የቀረውን ስም ፈልጉ። የጠፋውን ማኅበርተኛ ሳትፈልጉ በምን ልብ ጽዋውን ታነሣላችሁ?

የንስሐ አባቶች ሆይ፣ ልጆቻችሁ ጠፍተዋል። እናንተ ስትመጡ የማይከፈት በር የለም፤ ከእኛ ቀድማችሁ ሂዱ። ሰባክያን ሆይ፣ ዐውደ ምሕረቱን ከሳምንቱ ዜና ጠብቁት። የግሩፕ አስተዳዳሪዎች፣ በቤተ ክርስቲያን ስም በከፈታችሁት ቴሌግራምና ዋትስአፕ ወገንን የሚሰድብ ቃል ሲጻፍ ዝም አትበሉ፤ አጥፉት፣ የጻፈውንም ለብቻው ደውላችሁ ምከሩት። ወጣቶች፣ አብረዋችሁ መዝሙር ያጠኑ የነበሩትን ልጆች እናንተ ፈልጓቸው፤ ወላጆቻቸውን አትጠብቁ።

ስንት ፍልሰታ ነው እነርሱ የሌሉበትን ቅዳሴ የምናስቀድሰው? ስንት አርባ፣ ስንት ሰማንያ፣ ስንት ሙት ዓመት ነው ብቻቸውን የሚያወጡት? የሞተው ሞቷል፤ ያለቀሰው ግን ከእኛ በሃያና በሠላሳ ደቂቃ መንገድ ላይ አለ። ሂዱ! ዛሬ ማታ ደውሉ፣ በዚህ ሳምንት ሂዱ!

ዝርዝሩ ይህ ነው። የጠፉ ቤተሰቦች ስም በየደብሩ ተሰብስቦ የሚያልቀው ሐምሌ 20 ነው፤ ጉብኝቱም እስከ ወሩ መጨረሻ ይፈጸማል። ጾሙ የሚገባው ነሐሴ 1፣ በፈረንጆቹ ኦገስት 7 ነው። ከዚያ በፊት ባለው የመጨረሻ ቅዳሜ ከቅዳሴ በኋላ ከ2013 ወዲህ ላለፉት ሁሉ፣ ከየትኛውም ክልል ይሁኑ፣ በአንድነት ጸሎተ ፍትሐት እንዲደረግ የየደብራችሁን አስተዳዳሪና ሰበካ ጉባኤ በጽሑፍ ጠይቁ፤ የሟቾችን የክርስትና ስም በወረቀት ጽፋችሁ ስጡ፣ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም። ጸበል ጸዲቅ የሚያዘጋጁ እናቶች ለሴቶች ክፍል ያሳውቁ። በእኛ ደብር ስም የሚመዘግቡት የሰንበት ትምህርት ቤቱ አስተባባሪዎች እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ መግቢያ ላይ ይገኛሉ። መኪና የሌለው፣ ወይም ብቻውን መሄድ የከበደው ለእነርሱ ይንገር፤ አብሮት የሚሄድ ሰው አለ።